ሐሙስ የራስ ቀን ነው

ፋንታሁን የክብር እንግዶቹን ከሜዳው ያባረራቸው አስቦበት አልነበረም።

ሪባኑ ተወጥሯል፤ መቀሱ በትሪ ቀርቧል፤ መናፈሻ ሊሆን የታጨው የጂንካ አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ በኪራይ ወንበር ተሞልቷል። እሱ እንደ ማንኛውም የከተማው ጽሕፈት ቤት ጥበቃ ከድንኳኑ ጀርባ ጥላ ይዞ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ በግራ ዓይኑ ጥግ፣ ራሱን ሊያመው ሲል የምትቀድመው ያቺ ብርሃን መጣች፤ ፀሐይ እንደመታው የቆርቆሮ ጠርዝ እየተብለጨለጨች፣ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተሸራረፈች። ከብርሃኗ ኋላ ድምፁ ተከተለ። ከወይጦ ወንዝ በኩል፣ ከሩቅ፣ የሁለት ሞተር ጉርምርምታ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለእሱም የነገሩት ሌሎች ናቸው። ካንገቱ የማይለየውን ፊሽካ እየነፋ ወደ ሜዳው መሀል ሮጠ። "ሜዳውን ልቀቁ፣ እየወረደ ነው" ይል ነበር አሉ። ምን እንደሚወርድ የጠየቀ የለም፤ ኃላፊ የሆነ ሰው "እየወረደ ነው" ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ገዛ ራሱ ነው። ዋናው እንግዳ ሪባኑን በደረታቸው በጥሰው ወጡ። ስለዚህ መናፈሻው፣ በወረቀት ሲታይ፣ ተመርቋል።

በማግስቱ የሰው ሀብት ባለሙያዋ ሰብለ ቢሮዋ አስጠራችው።

"ጋሽ ፋንታሁን፣ ሜዳው ከተዘጋ ስንት ዓመቱ ነው?"

"አዲሱ ከከተማ ወጥቶ ሲከፈት ነው የተዘጋው። ስድስት ሰባት ዓመት ይሆነዋል።"

"ታዲያ ምኑ ነው የሚያርፈው?"

"ራሴን ያመኛል፣ ልጄ።"

"እኔንም ያመኛል፤ ግን እንግዳ አላባርርም።" አንድ ወረቀት ገፋ አደረገችለት። "ስብሰባው 'የሥነ ምግባር ጉድለት' ሊለው ነበር። እኔ ነኝ 'ሕመም' ይባል ብዬ የተከራከርኩልዎት። እስከ ወር መጨረሻ ታክመው የሐኪም ወረቀት ያምጡልኝ። ያለዚያ ያለ ጊዜዎ ጡረታ መውጣትዎ ነው።"

ፋንታሁን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከጡረታው ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነበር፤ ለእሱ ግን ሰብለ ዘንድ የሚሞላ ቅጽ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ የራስ ፍልጠት በመጣ ቁጥር አንዲት ሴት አብራው ትመጣለች። ከብርሃኗ በታች፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጃንጥላ ይዛ ትቀመጣለች። ዞር ሲልባት የለችም። ዞር ካላለ ደግሞ ትጠይቀዋለች። ሁሌም ያንኑ።

"መጣ እንዴ?"

መልሶላት አያውቅም። ሰው ሕክምና የሚፈልገው እንዲድን ነው፤ ፋንታሁን የፈለገው ያቺ ሴት መጠየቋን እንድትተው ነበር።

ያልሞከረው አልነበረም። ዳማከሴ በአፍንጫው ተጨምቆለታል። ጠበል ጠጥቷል፣ ተጠምቋል። ጴንጤ ጎረቤቶቹ እጅ ጭነውበት፣ እሱም በሆዱ ማርያምን ይቅርታ ጠይቆ አሜን ብሏል። ግንባሩ ግራና ቀኝ በምላጭ ተበጥቶ ዋግምት ተተክሎበት፣ ጠባሳው ሁለት ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ቀርቷል። የሰፈሩ ልጆች "አሥራ አንድ ቁጥር" የሚሉት ኳስ ስለሚጫወት አይደለም።

የቀረው የሲስተር ሩሃማ መርፌ ነበር።

ሩሃማ የሐዋሳ ልጅ ናት። ቻይና ዘጠኝ ወር ቆይታ አኩፓንክቸር የሚሉትን ሕክምና ተምራ መጣችና ከአሮጌው ሜዳ ዳር ሁለት አልጋ የሚይዝ ክፍል ተከራየች። የምስክር ወረቀቷን የሰቀለላት አናጢ ፊደሉ አልገባውምና ዘቅዝቆ ሰቀለው። እሷም የተማረችው በአስተርጓሚ ነበርና አላስተዋለችም። አንድ የመንገድ ሥራ ቻይናዊ ወገቡን ሊታይ መጥቶ አንገቱን አጣሞ ሊያነበው እስኪታገል ድረስ ወረቀቱ አራት ወር በአናቱ ቆሞ ከረመ።

ሥራዋ ግን ሥርዓት አለው። ሰኞ የወገብ ቀን ነው፤ ማክሰኞ የጉልበት፤ ሐሙስ የራስ። ለራስ ዘጠኝ መርፌ ትተክላለች፦ ግንባር ላይ፣ ጆሮ ግንድ አጠገብ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል፣ እግር ላይ፣ አንዱን አናት ላይ። ከዚያ "ሃያ ደቂቃ፤ መንቀሳቀስ የለም" ትልና ትወጣለች። ስትነቅል ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ በእሷ ቤት መርፌ ተይዞ አይኬድም።

የመጀመሪያው ሐሙስ ከፋንታሁን በፊት ተራ የያዙት አንድ የበና ሽማግሌ ነበሩ። መርፌዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሷት።

"ደም አይወጣውም?"

"አይወጣም፣ አባቴ።"

"እኛ የበሬ አንገት በቀስት የምንወጋው ደሙን ልንጠጣ ነው። ደም ካልወጣ ለምን ትወጊኛለሽ?"

"ሕመሙ እንዲወጣ።"

ሽማግሌው አሰቡበት። "እሺ" አሉ፣ "እሱንስ ማን ይጠጣዋል?"

ሩሃማ ሳቀች፤ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ፋንታሁን አልሳቀም።

መርፌው እንደ ፈራው አልነበረም። ጉንዳን ነክሶ ሐሳቡን እንደለወጠ ነገር ነው። "ምን ተሰማዎት?" አለችው። "ከበደኝ" አላት። "ጥሩ ነው፣ ይዟል ማለት ነው" ብላ ወጣች። ዓይኑን ጨፈነ። ያ እየተመላለሰ ግራ ራሱን ሲፈልጠው የኖረ ሕመም፣ እንደ ጎርፍ ውኃ ቀስ እያለ ሸሸ። ውኃ ሲሸሽ ደግሞ ሥሩ የነበረው ይታያል።

የሴትዮዋ ጃንጥላ ቢጫ ነበር። አንዱ ዘንጉ ተሰብሮ ጨርቁ በዚያ በኩል ተንጠልጥሏል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን አይቶ አያውቅም።

በሁለተኛው ሐሙስ እግሯን አየ። እግሯ አብጦ የላስቲክ ጫማው አልበቃ ብሏት ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቋል። በሦስተኛው እጆቿን አየ፤ ሆዷን ከሥር ደግፈው ይዘዋል። ያን ጊዜ ገባው። ሕመሙ መጋረጃ ነበር። ሩሃማ ደግሞ በየሳምንቱ መጋረጃውን አንድ ክንድ ትገልጣለች።

"እንዴት ነው ታዲያ፣ ጋሽ ፋንታሁን?" አለች እየነቀለች። "ስድስት፣ ሰባት... ቀነሰልዎት?"

"ቀንሷል። ትንሽ ብትመልሽልኝስ?"

"ዘጠኝ። እርስዎ ደግሞ ቀልደኛ ነዎት።"

የሴትዮዋን ማንነት ያውቃል፤ ማወቁ ነበር ችግሩ።

በ1989 ዓ.ም. ፋንታሁን የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ አጎቱን ተከትሎ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ የሜዳው ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው አንድ ነው፦ አውሮፕላን ሲመጣ ከብት ማስለቀቅ። ሜዳው የከተማዋ እምብርት ላይ ነው፤ እንደሱ ያለ ሣር ደግሞ የትም የለም። ሐሙስ ሐሙስ ለግማሽ ሰዓት የአውሮፕላን፣ በቀረው ጊዜ የላም ነበር። ፋንታሁን ድምፁን ከማንም ቀድሞ ይሰማል፣ ፊሽካውን ይነፋል፣ እረኞቹ ይነዳሉ፣ አውሮፕላኑ ይወርዳል። በዚህ ጆሮው ተከብሮ ይኖር ነበር።

ያ ፍልጠት ሲጀምረው ጆሮው ከዳው። አውሮፕላን በሌለበት አውሮፕላን መስማት አመጣ። በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ባዶ ሰማይ ሥር ፊሽካ ነፍቶ ሜዳውን አስለቀቀ። እረኞቹ "ፋንታሁን ዛሬም በራሱ ውስጥ ያበርራል" እያሉ ሳቁበት። አለቃው አልሳቀም። "ሦስተኛ ከደገምከው" አለው፣ "አንተም ከብቱ ጋር ሣር ትግጣለህ።"

በተከታዩ ሐሙስ ድምፁ መጣ። ብርሃኗ በዓይኑ ጥግ ነበረች፤ ግራ ራሱ ይፈለጥ ነበር። ፋንታሁን "ራሴ ነው" አለ። ጎጆው ገብቶ፣ እርጥብ ጨርቅ ዓይኑ ላይ ጥሎ ተኛ። በበሩ በኩል የሴት ድምፅ "ወንድሜ፣ መጣ እንዴ?" ሲለው ሰምቷል። አልመለሰላትም። እሷንም ራሱ የፈጠራት መስሎት ነበር።

ራሱ አልነበረም። አውሮፕላኑ ከከብቶቹ በላይ ሦስት ጊዜ ዞረና ወደመጣበት ተመለሰ። ምጥ የጠናባት ሙሉሽ የምትባል ሴት ወደ አርባ ምንጭ ልትሄድ ከባሏ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። በጭነት መኪና ወሰዷት። ወይጦ ሞልቶ ሁለት ቀን አላሻግር አለ። ሙሉሽ ከነልጇ ከወንዙ ወዲህ ቀረች። ፋንታሁን መዝገቡ ላይ "በደመና ምክንያት አላረፈም" ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ሰማይ ላይ ጥፍር የምታህል ደመና አልነበረችም።

አራተኛው የመርፌ ሐሙስ ደረሰ።

"ዛሬ ጎረቤት አለዎት" አለች ሩሃማ ስምንተኛውን መርፌ እየተከለች። "አባባ ሚልክያስ ይባላሉ። እንደርስዎ ግራ ራሳቸውን ነው። እንደርስዎ ሐሙስ ሐሙስ።" ዘጠነኛውን አናቱ ላይ ተከለች።

ሁለቱን አልጋ ከሚለየው መጋረጃ ማዶ የኮረሪማ ሽታ መጣ። ፋንታሁን የማን እንደሆነ ለማወቅ ስም አላስፈለገውም። ቅዳሜ ገበያ ኮረሪማ ተራ ላይ የሚቀመጠውን ያን የአሪ ገበሬ፣ የሙሉሽን ባል ላለማየት ሃያ ስድስት ዓመት ዙሪያ ጥምጥም ሄዷል። እቤቱ ወጥ ያለ ኮረሪማ የሚሠራው ጨጓራ ስላለበት አይደለም። አሁን ግን ዘጠኝ ቦታ ተቸንክሯል፤ መሸሻ የለም።

"ሃያ ደቂቃ" አለች ሩሃማ ለሁለቱም። "መንቀሳቀስ የለም።" በሩ ተዘጋ።

ጣሪያው ላይ ወፍ በቆርቆሮው ይራመዳል። ከመስኮቱ ውጪ ላም ታገሳለች።

"ፋንታሁን ነህ?" አለ ድምፁ። ሚልክያስ አማርኛ የሚናገረው ሰው ወንዝ ሲሻገር ድንጋይ እንደሚመርጠው፣ ቃሉን አንድ ባንድ እየረገጠ ነበር።

"ነኝ።"

"ባለፊሽካው።"

"አዎ።"

"ገበያ ታየኛለህ፣ ትሸሻለህ። ልጆቼ 'ያ ሰውዬ ኮረሪማ ያስነጥሰዋል ወይ' ይሉኛል።"

ፋንታሁን ዓይኑን ጨፈነ፤ መጨፈኑ ጥፋት ነበር። ሕመሙ ጨርሶ ሸሽቷል። ሴትዮዋ ሩቅ፣ ጥግ ላይ አልነበረችም፤ በሁለቱ አልጋ መሀል፣ ግርጌያቸው ተቀምጣለች።

"መጣ እንዴ?" አለች።

ከመጋረጃው ማዶ ሚልክያስ በአሪኛ መለሰላት። ፋንታሁን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያን ያህል አሪኛ ለምዷል።

"ገና ነው፣ ሙሉዬ" ነበር ያላት።

የፋንታሁን ቆዳ ከነመርፌው ቆመ። "ይሰሟታል?"

"ሐሙስ ሐሙስ። አንተም ትሰማታለህ። ያን ሁሉ ትልቅ ሰው ያስሮጥክ ቀን ነው ያወቅኩት። እኔም ሜዳው ዳር ነበርኩ፤ ድምፁን ሰማሁ፤ ቀና አልኩ። ቀና ያልነው እኔና አንተ ብቻ ነን።"

"ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሏት?"

"ሌላ ምን ልበላት? ያን ቀን ምጡ ዓይኗን አስጨፍኗት ነበር። አውሮፕላኑ ዞሮ ሲሄድ 'ገና ነው' አልኳት። መኪናው ላይ 'ገና ነው' አልኳት። ወይጦ ዳር 'ገና ነው' አልኳት፤ ይህን ብያት ነው ዝም ያለችው። ገና ነው ያልከው ሰው ተነሥቶ አይሄድም። ይጠብቃል።"

ወፏ ከጣሪያው ተነሣች።

"ደመና አልነበረም" አለ ፋንታሁን።

"አውቃለሁ። እኔም ሰማይ ሥር ነበርኩ።"

"ሰምቼው ነበር። ራሴ መስሎኝ ተኛሁ። በሩ ላይ ስትጠይቀኝም ሰምቻታለሁ። መዝገቡ ላይ ውሸት የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ፋንታሁን የአልጋውን ሲጥሲጥታ፣ የመጋረጃውን መገለጥ፣ የአንድ አዛውንት ገበሬ እጅ አንገቱ ላይ ማረፉን ጠበቀ። ቢመጣ ባልከፋው ነበር።

"እኔን ምን ታደርገኛለህ?" አለ ሚልክያስ በመጨረሻ። ድምፁ የደከመ እንጂ የተቆጣ አልነበረም። "እኔ አንድ ቀን እቆጣሃለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ እቆጣሃለሁ። አሁን ለእሷ መልስላት። አንተን ነው የጠየቀችው።"

ፋንታሁን ዓይኑን ገለጠ።

ዞር ሲልባት የምትጠፋው ሴት አልጠፋችም። የሩሃማ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቢጫ ጃንጥላዋን ከጭንቅላቷ በላይ ዘርግታ፣ የተሰበረው ዘንግ ተንጠልጥሎ። ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ቁጣ የለበትም፤ ክስ የለበትም። መናኸሪያ ውስጥ ከጧት ጀምራ መኪና የምትጠብቅ ሴት ፊት ነው፤ ማንም የትም የሚያየው።

"መጣ እንዴ?" አለችው።

"መጥቶ ነበር" አላት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የግንባሩ መርፌዎች ሲንቀጠቀጡ ተሰማው። "ሦስት ጊዜ ዞረ። ከብቱን አላስለቀቅኩለትም። ሄደ። ከእንግዲህ አይመጣም፣ እቴ።"

ሴትዮዋ ሰማችው። ይህን ለማወቅ ያን ያህል መቆየቷ እንዳሳፈራት ሁሉ ትንሽ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ጃንጥላዋን ሰበሰበች፤ የተሰበረው ዘንግ አስቸገራት፤ በእጇ ጠምዝዛ አጠፈችው።

"እንግዲያው በእግራችን እንሂዳ" አለች።

ከመጋረጃው ማዶ አልጋው ሲጥ ሲጥ አለ። የሚልክያስ እግር ሲሚንቶው ላይ አረፈ።

"ጋሽ ሚልክያስ፣ መርፌው" አለ ፋንታሁን።

በሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያየውን ያየው ባንገቱ ብቻ ተጣሞ፣ በመስኮቱ ነው። ሚልክያስ ባዶ እግሩን ሜዳው ላይ ወጣ። ግራ ክንዱን ከጎኑ አራቅ አድርጎ፣ ዝግ እያለ፣ ለሌላ ሰው እርምጃ እየተጠነቀቀ ይሄዳል። ግንባሩ ላይ፣ አናቱ ላይ፣ እጁ ላይ መርፌዎቹ በፀሐይ ያብለጨልጫሉ። ፊት ለፊቱ ከብቱ በረድፍ ተኝቶ ያመሰኳል፤ የሜዳውን ወርድ ሞልቶታል። ሚልክያስ ደረሰና ቆመ። ብቻውን ቢሆን በመሀላቸው ሾልኮ ያልፍ ነበር። አብጦ የተሰነጠቀ ጫማ ያደረገ እግር ግን በከብት መሀል አያልፍም።

ፋንታሁን ቀኝ እጁን አነሣ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል መርፌው ተወዛወዘ። ፊሽካውን ካንገቱ ስቦ አፉ ውስጥ ከተተና ነፋ።

ረጅም ነፋ፤ ያን ሐሙስ መንፋት የነበረበትን ያህል። አንዲት ላም ተነሣች። ሌላዋ ተከተለች። ኳስ ይጫወቱ የነበሩት ጎረምሶች "አሥራ አንድ ቁጥር ደግሞ ጀመረው" ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከብቱ አንድ ባንድ እየተነሣ፣ ማንም ሳይነዳው፣ ለሁለት ሲከፈል አጠረ። ሚልክያስ በመሀሉ አለፈ።

ሩሃማ ሮጣ ገባች። "ማነው የሚነፋው? አባባ ሚልክያስስ?"

"በእግራቸው ሄዱ።"

"ከነመርፌዬ?" ትሪዋን አንሥታ በረረች።

ከሜዳው ጫፍ ላይ ደረሰችበት። በኋላ እንዳወራችው፣ ሰውዬው በትሕትና ቆመላት፤ እሷም እያለከለከች ነቀለች፣ ቆጠረች። ስምንት ላይ ስትደርስ እጇን ያዝ አደረጋት። "የግራውን ቀስ ብለሽ" አላት፤ "በዚያ በኩል ይዛኛለች።" ሩሃማ ይህን ለሰው ሁሉ ስታወራ ትስቃለች። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ግን የሁለቱን አልጋ መጋረጃ አውርዳዋለች፤ በርጩማዋንም ከዚያ ክፍል አውጥታዋለች።

ፋንታሁን ወረቀቱን ለሰብለ ወሰደ። "ድኗል" የሚል ማኅተም ያለበት ነበር። ቅዳሜ ኮረሪማ ተራ ሄደ፤ ሚልክያስ ቃሉን ጠብቆ ተቆጣው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በሁለት ቋንቋ። ቁጣው ሲያልቅ አንድ እፍኝ ኮረሪማ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። ሚልክያስ ወደ ቤቱ ሲሄድ ፋንታሁን ከኋላ አየው። መንገዱን ቀኝ ዳር ይዞ፣ ግራውን ክፍት ትቶ ነበር የሚራመደው።

ግራ ራሱን ከዚያ ወዲህ አላመመውም። ብርሃኗም አልመጣች። ማንም አልጠየቀውም። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፉ ጣፈጠ። ከዚያ አንድ ነገር ቀስ እያለ ገባው። ድሮ ድምፅ ሲሰማ "ራሴ ነው" የሚልበት ነበረው። አሁን ያ የለም። ከእንግዲህ የሚሰማው ሁሉ የእውነት ነው።

በሚቀጥለው ወር፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ወደ ሜዳው የሚያየው የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። አዲሱ ማረፊያ ያን ቀን በረራ እንደሌለው ያውቃል፤ ጠይቆ ነበር። ራሱ እንደ ብርጭቆ ጠርቷል። ዓይኑ ጥግ ላይ ምንም የለም።

ከወይጦ በኩል፣ ከሩቅ፣ የሁለት ሞተር ጉርምርምታ መጣ።

ፋንታሁን አልተነሣም። ከብቶቹን አየ። ማመስኳታቸውን አቁመው፣ ሁሉም ባንዴ፣ ራሳቸውን ወደዚያ ቀና አደረጉ።

አግዳሚው ወደነበረበት ቦታ ዞረ። ማንም አልተቀመጠም። የሚሳፈር የለም። ድምፁ ግን እየቀረበ፣ ዝቅ እያለ፣ ለማረፍ የሚዞር ሞተር የሚያወጣውን ያን ለስላሳ ድምፅ እያወጣ ነበር።

ኮረሪማ የሚሸት እጁን ወደ አንገቱ ሰዶ ፊሽካውን ያዘ፤ ተነሣና ከብቱን ሊያስለቅቅ ወደ ሜዳው ሄደ።